ደሴቷን ከጎርጎራ ጀምሪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳነሳ ልጆቹ ታንክና አውሮፕላን ብቻ ነው የሚጠይቁኝ። ጀርመኖች በያዟት፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው በገርንዚ ደሴት ተራው ሰው እንዴት እንደኖረ ላስተምራቸው አሰብኩ። ባሕር አይተው አያውቁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ከጎርጎራ ጀምሪ። ባሕር ባያዩም ጣናን ያውቃሉ። ደቅ ደሴት ላይ ጀልባ ቢቀር ጨው ከየት ይመጣል ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ራሳቸው ይነግሩሻል። ገርንዚን በካርታ ከዚያ በኋላ አሳዪ።

ቀጥለሽ ወደቡ ላይ አቁሚያቸው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1940 ነው። ወላጅ ልጁን ወደ እንግሊዝ ይላክ ወይስ ያስቀር? ለመወሰን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላገኘም። 5,000 ገደማ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሄዱ። በሳምንቱ የጀርመን አውሮፕላኖች ወደቡን ደበደቡ። እዚያ ተሰልፈው የነበሩት ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ናቸው። ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ይህን ስትናገሪ አትቸኩዪ፤ ቲማቲሙን ይዩት።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ የሚገናኙት በቀይ መስቀል በኩል ነበር፤ የሚፈቀደው 25 ቃል ብቻ፣ ያውም ወራት ቆይቶ የሚደርስ። ይህን ክፍል ውስጥ አጽፊያቸው። እኔ ጡረታ ሳልወጣ ሞክሬዋለሁ። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም 15 ቃል ብቻ ነበር የምፈቅድላቸው። አንዲት ልጅ 13ቱን ስለ ላማቸው ጻፈች፦ ወለደች ወይ፣ ማን ያልባታል። የቀሩት ሁለቱ «እማዬ፣ ነይ» ይላሉ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ወጥ ቤቱንም አትርሺ። የእኛ ልጆች ቡና የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል ይገባቸዋል። ደሴቷ ላይ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ እየቆሉ እንደ ቡና ጠጡ፤ ሻዩ የእንጆሪ ቅጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 አጋሮቹ፣ እነ እንግሊዝና አሜሪካ፣ ፈረንሳይ ሲገቡ የስንቁ መንገድ ጭራሽ ተቆረጠ፣ ረሃቡም ጠና። የቀይ መስቀሏ መርከብ ቬጋ የምግብ እሽግ ይዛ የደረሰችው ታኅሣሥ 27 ነው። ነጻ የወጡት ግንቦት 9 ቀን 1945።

አንድ ነገር አደራ። ክፍልሽ ውስጥ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ስልክ ተቋርጦበት የእናቱን ድምፅ ለወራት ያልሰማ ልጅ ይኖራል። የጻፈውን ተነስተህ አንብብ አትበዪው። ወረቀቱን አጥፎ በእጅሽ ይስጥሽ፤ ማታ ብቻሽን አንብቢው።