በረካ ላይ ወሬው ይበላሻል

ባለፈው ሳምንት ወላጆች ቡና ላይ ተሰብስበው ስለ ልጆቻቸው ቢያወሩ ብዬ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አራቱን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። አምስት እናቶች እሁድ እሁድ ቡና እንጠጣለን። ስለ ልጆቻችን እናውራ ብለን ጀመርን፤ በረካ ላይ ስንደርስ ግን ሐሜት ይሆናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እኛም ቤት ያው ነበር። መላው ግን ቡናው ውስጥ አለ። ሦስት ዙር ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ስጡት። አቦል ላይ “በዚህ ሳምንት ልጅሽ ምን አሳቀሽ?” ቶና ላይ “ምን አስጮኸሽ?” በረካ ላይ “እስከ እሁድ ምን ልትሞክሪ ነው?” በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁዋኒታ ብራውንና ዴቪድ አይዛክስ “ወርልድ ካፌ” የሚባል የውይይት ዘዴ ጀመሩ። ትንንሽ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ሰው፣ በየዙሩ ጥያቄ። ሳነበው ሳቄ መጣ። ረከቦቱ እኛ ቤት አለ፤ የጎደለን ጥያቄው ብቻ ነው።

ሁለት ደንብም ያዙ። የሌለ ሰው ስም አይነሳም። ያልተጠየቀ ምክር አይሰጥም። ሁለተኛው ይከብዳል። አንዷ “ልጄ አልበላ አለኝ” ስትል አራቱ በአንድ አፍ “አብሽ ስጪው!” ይላሉ። እሷ ግን መስማት የፈለገችው “የኔም እንደዚያ ነው” የሚል ቃል ነበር። ይቺን ቃል የሚላት ስታጣ በሚቀጥለው እሁድ ትቀራለች።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ባለቤቴን ና ስለው “የሴቶች ቡና ነው” ይለኛል።

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ የሴቶች ቡና ነው! ወሬውን ወንዶቹ ወዳሉበት ውሰጂው። ቅዳሜ ልጆቹ አማርኛ ሲማሩ አባቶቹ የት ናቸው? መኪና ውስጥ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ። እዚያው ሁለት አባቶች ይጀምሩት። የሚጠራውም የሚያከብረው ሰው ይሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ።

በከምባታ ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የማኅበረሰብ ውይይት ሲያካሂድ ሴቶቹን ብቻ አልሰበሰበም። ወንዶችም ሽማግሌዎችም ተቀመጡ። ያልተገረዘች አላገባም የሚለው ሰው በሌለበት እናቶቹ ብቻቸውን ምን ሊወስኑ ነው?

ጥያቄ፦ አንዷ እናት ልጇን በቀበቶ ገርፋ ሰውነቱ እንደበለዘ ነገረችን። የተባለው እዚሁ ይቀራል ብለን ተማምነናል። ዝም እንበል?

መልስ፦ አትበሉ። ምስጢር ልክ አለው፤ ልኩም የልጁ ደኅንነት ነው። ይሄ የመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው። እርዱኝ ማለቷ ይመስለኛል። የምትቀርባት ዛሬውኑ ቤቷ ትሂድ፣ ልጁን ትየው። ሐኪም ካስፈለገው አብራችሁ ውሰዱት። ንዴቱ ሲመጣባት ልጁን ለአንድ ሰዓት የምትቀበላት ጎረቤት ከመካከላችሁ ትመደብ። ከምክር ሁሉ ይቺ አንድ ሰዓት ትበልጣለች።

“ሕጉ የከለከለው አስተማሪን ነው” ትላችሁ ይሆናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በእርግጥ የሚናገረው በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ስላለ የአካል ቅጣት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ልጁን የሚያንገላታ ወላጅንም ይቀጣል። ድብደባው ካልቆመ ነገሩ ከቡና በላይ ነው። ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ወይም ለፖሊስ ይነገር። ትቀየማችሁ ይሆናል። ትቀየም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። አስተማሪዋ ስትጠራኝ የሚያስተረጉምልኝ ራሱ ልጄ ነው። ሁልጊዜ “ጎበዝ ነው ትላለች” ይለኛል።

መልስ፦ ዲፕሎማት ነው የወለዱት! በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ስላለ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ወላጅ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ልጅን ማስተርጎም ደግሞ አይገባም። ከስብሰባው ቀደም ብለው ይጠይቁ። በሚቀጥለው ቡና ላይ ሁላችሁም ይቺን ተለማመዷት፦ “አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር።” ልጁንም ይዘውት ይሂዱ። አስተርጓሚው ሲገባ ፊቱን ማየት ነው።