ሳይቴሽን የበዛላቸው አማካሪ ይሻላሉ ወይ?

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይሄ ነው። በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ልትጀምር ነው። ሊያማክሯት ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ተመራማሪዎች አሉ። የአንደኛው ሳይቴሽን (ሥራቸው በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት) በሺዎች ይቆጠራል፣ የሁለተኛዋ አንድ ሺህ እንኳ አልሞላም። «ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ምኑን አስብበታለሁ?» ትላለች። የሁለቱንም የጎግል ስኮላር (ፔፐሮችንና ሳይቴሽናቸውን የሚያሳይ ድረ ገጽ) ገጽ አያይዛለች።

በዚሁ ዘርፍ ፔፐር ስጽፍም የሌሎችን ስገመግምም ቆይቻለሁ። እና እህቴ፣ አስቢበት ባይ ነኝ።

ድምሩን ለጊዜው ተይው። ሳይቴሽኑ ከየትኞቹ ፔፐሮች እንደመጣ እዪ። በእኛ ዘርፍ በብዛት የሚጠቀሱት ሰርቬዮች (የሌሎችን ጥናቶች ሰብስበው የሚዳስሱ ጽሑፎች) እና የአሠራር መመሪያዎች ናቸው። ኪችንሃም እና ቻርተርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት የጥናት ዳሰሳ መመሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጆርናል ላይ የወጣ አይደለም፣ ቴክኒካል ሪፖርት ነው። ግን ዳሰሳ የሚሠራ ሰው እሱን ሳይጠቅስ ስለማያልፍ በሺዎች ተጠቅሷል። ያያዝሽው የመጀመሪያው ገጽም ላይ ከግማሽ በላይ የሆነው ሳይቴሽን የመጣው ከአንድ የቆየ ሰርቬይ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የሰውየው ስም ከብዙ ደራሲዎች መሀል ነው ያለው። ሥራው አይረባም አላልኩም። ያ ቁጥር ስለ እሳቸው የሚነግርሽ ግን ትንሽ ነው።

«ኤች-ኢንዴክስስ?» ትዪኝ ይሆናል። ፊዚክሰኛው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው መለኪያ ነው፤ ስንት ፔፐሮች ቢያንስ የዚያኑ ያህል ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጥራል። ስድስት ፔፐር ያለው ሰው አለ እንበል። ፔፐሮቹ 300፣ 40፣ 12፣ 5፣ 4 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ፔፐሮች አሉት፤ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ፔፐሮች ግን የሉትም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 4 ነው። 300 የነበረው ነገ 3,000 ቢገባም ያው 4 ነው። አንድ ፔፐር ብቻውን እንዳያሳብጠው መከላከሉ ደግ ነው። ችግሩ ከዓመት ዓመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በ1990ዎቹ የጀመሩትን ሰው በቅርብ ከጀመሩት ጋር በእሱ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ስኮላር የቅርብ ዓመታቱን ለብቻው በጎን ያሳይሻል፤ ቢያንስ እሱን አወዳድሪ።

የታተሙበትም ቦታ ወሳኝ ነው። በሌላ ሙያ ያሉ ሰዎች «ኮንፈረንስ ምን ዋጋ አለው፣ ጆርናል ነው እንጂ» ይሉሻል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ኢክሲ፣ ኤፍኤስኢ እና ኤኤስኢ በሚባሉት ትልልቅ ኮንፈረንሶች ላይ ሙሉ ፔፐር ይገመገማል፣ አብዛኛው ይጣላል። ከጆርናሎቹ ቲኤስኢን፣ ቶሰምን እና ኢምፒሪካል ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን ፈልጊ። በነገራችን ላይ የአንዱን ቁጥር ከስኮላር፣ የሌላውን ከስኮፐስ (ሌላ የሳይቴሽን ዳታቤዝ) ወስደሽ እንዳታወዳድሪ። ስኮላር ተሲሱንም ፕሪፕሪንቱንም (ገና ሳይገመገም የተለቀቀውን ፔፐር) ስለሚቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። የስም መመሳሰል ከጠረጠርሽ ደግሞ ዲቢኤልፒ (የኮምፒውተር ሳይንስ ፔፐሮች ዝርዝር የያዘ ድረ ገጽ) ላይ አጣሪው። እዚያ የሳይቴሽን ቁጥሩ ላይ ባታተኩሪም፣ ዝርዝሩ ንጹሕ ነው።

አሁን ዋናው። የአንዱን ፔፐር የሳይቴሽን ቁጥር ስትጫኚ የጠቀሱት ሥራዎች ይዘረዘራሉ። ጥቂቱን ክፈቺና የተጠቀሰበትን ዓረፍተ ነገር አንብቢ። አንዱ «በኮድ ሪቪው ላይ ብዙ ጥናቶች ተካሂደዋል» ይልና በአንድ ቅንፍ አሥራ አምስት ፔፐር ደርድሮ ያልፋል። ያንቺ ሰው ከአሥራ አምስቱ አንዱ ናቸው። ሌላው ግን «ዳታውን ወስደን ሙከራውን ደግመነዋል፣ ውጤቱ በሌላ ቋንቋ በተጻፈ ኮድ ላይ አልጸናም» ይላል። ይሄኛው ሥራውን ከሥሩ ፈትሾታል። ስኮላር ሁለቱንም አንድ አንድ ብሎ ነው የሚቆጥራቸው። እኔ አንድ ፔፐር እየተቃወሙት ደጋግመው ሲጠቅሱት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ማንም ጉዳዬ ብሎ ያላነበበውን ሊቃወም አይነሳም። ራሱን በራሱ የሚጠቅስም አለ። ትንሹ ያለ ነው፣ ሲበዛ ግን ያስታውቃል።

የርዕሱንም ነገር አትርሺ። በቋንቋ ሞዴሎች ኮድ ማመንጨት ላይ የሚሠራ ሰው ሳይቴሽኑ ቶሎ ይከመራል። ፎርማል ቬሪፊኬሽን (የፕሮግራምን ትክክለኛነት በሒሳብ ማረጋገጥ) ላይ ያለ ሰው ቀስ ይላል። ሁለተኛዋ የሚሠሩት እዚያ አካባቢ ነው።

አንቺ ግን የምትፈልጊው አማካሪ ነው። ስለዚህ የቅርብ ፔፐሮቻቸውን አውጪና የመጀመሪያ ደራሲው ማን እንደሆነ እዪ። የሴትዮዋ ገጽ ላይ የቅርቦቹ ሁሉ በተማሪዎች ስም ይጀምራሉ፤ ያው ተማሪ ስሙ ሁለቴ ሦስቴ ይመለሳል። በሰውየው ገጽ ላይ ተማሪ አንዴ ብቅ ይልና ይጠፋል። ምክንያቱን ከገጹ ማወቅ አይቻልም፣ ግን ያስጠይቃል። ዜኖዶ (ተመራማሪዎች ኮድና ዳታ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ያስቀመጡትን ኮድና ዳታም አውርደሽ ሞክሪ። የሚሠራ ከሆነ በግሩፑ ውስጥ ሥራ በወጉ እንደሚያዝ ታውቂያለሽ።

በእኔ በኩል ሚዛኑ ወደ ሴትዮዋ ያደላል። ከመወሰንሽ በፊት ግን ከሁለቱም ጋር ለጨረሱ ተማሪዎች ኢሜይል ጻፊ። ሰላምታውን አሳጥሪና ቀጥታ ጠይቂ፦ ድራፍት ስትልኩላቸው አንብበው ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር?