የጎረቤት ፍርስራሽና የእኛ ሳንባ፦ ጥያቄና መልስ ለአዳማ ነዋሪዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ አባል፣ ከአጥራቸው ማዶ የፈረሰ ቤት ክዳን ተሰባብሮ መከመሩን ገልጸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠይቀው ነበር። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙዎች በመሆናቸው ዛሬ በተከታታይ እመልሳለሁ። ለ22 ዓመታት በግንባታ ቦታዎች የሠራተኞች ደኅንነት ላይ ሠርቻለሁ፤ የሕግ ባለሙያ ግን አይደለሁም። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ የተሰበረ ኤተርኒት (አስቤስቶስ የሚባል አደገኛ የማዕድን ቃጫ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ የተሠራ የድሮ የቤት ክዳን) ካያችሁ ደረቁን አትጥረጉት፣ አትስበሩት፣ አታቃጥሉት።

ጥያቄ (ከቦኩ)፦ ጋሼ፣ ጎረቤታችን የድሮ ቤታቸውን አፍርሰው ግራጫ፣ ሸንተረር ያለው ክዳን ከአጥራችን ሥር ከምረዋል። አስቤስቶስ መሆኑን በዓይን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ በእርግጠኝነት አይቻልም፤ የሚያረጋግጠው በላቦራቶሪ በአጉሊ መነጽር የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው። ጥርጣሬን የሚያጠነክሩ ምልክቶች ግን አሉ፦ ክዳኑ ከቆርቆሮ በጣም ይወፍራል፣ ሲመታ እንደ ቆርቆሮ አይጮኽም፣ ስባሪው ጠርዝ ላይም አንዳንድ ጊዜ እንደ ጥጥ ክር የሾለኩ ጸጉሮች ይታያሉ። ጸጉሮቹን ለማየት ብላችሁ ግን አትጠጉት። እስኪረጋገጥ ድረስ አስቤስቶስ አለበት ብላችሁ ያዙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶው ቃጫውን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ያልተሰነጠቀ ክዳን ጣሪያ ላይ እስካለ ድረስ አደጋው አነስተኛ ነው። ሲሰበር፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ወይም በግራይንደር ሲፋቅ ግን በዓይን የማይታየው ቃጫ ይለቀቃል፣ አየር ላይም ለሰዓታት ይንሳፈፋል። የከተማችን ነፋስ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክር ነፋስ ነው፤ ከአጥር ማዶ የተሰበረውን ልጆቻችሁ አልጋ ድረስ ለማምጣት አይቸግረውም። አንድ ሥራ ቦታ ላይ፣ ዕድሜው ከ15 የማይበልጥ ልጅ ክዳኑን በመዶሻ እየከሰከሰ በአካፋ ጋሪ ላይ ሲጭን አይቻለሁ፤ ቅንድቡና የዓይኑ ሽፋሽፍት ነጭ ሆነው ነበር። አሠሪው ከልጁ አምስት እርምጃ ርቆ ቡና እየጠጣ ነበር። ያ ልጅ ዛሬም ከሐሳቤ አይወጣም።

ጥያቄ (ከዳቤ)፦ አያቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኤተርኒት ቤት ኖረው ምንም አልሆኑም። ሕዝቡን ማስፈራራት አይሆንም?

መልስ፦ አያትዎን ዕድሜ ይስጥልን። እርሳቸው የኖሩት ባልተሰበረ ክዳን ሥር ነው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ስብርባሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር አምጪ መሆናቸውን አስታውቋል። የሳንባ ካንሰርን፣ የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃውን ሜሶቴሊዮማንና የሳንባ ጠባሳን ያስከትላል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 50 ዓመት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንም አለመሰማቱ ማስረጃ አይሆንም። ለአጫሾች ደግሞ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጅግ ይብሳል።

ጥያቄ (ስም ያልጠቀሱ)፦ ጎረቤቴ ቆሻሻ ጥሎብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ዓይነት ቆሻሻ? የት ተጣለ? ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም? ድንጋይና ብሎኬት ከሆነ ጉዳዩ የጉርብትና እንጂ የመርዝ አይደለም። እባክዎ ዘርዝረው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ከፈረሰው ቤት የወጡትን ቀለም የተቀቡ በሮችና መስኮቶች ጎረቤታችን ለማገዶ ሰጡን። እናቴ እንጀራ እየጋገረችበት ነው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙ። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ሲቃጠል ጭሱም አመዱም መርዝ ይይዛል፣ አመዱን ጓሮ ብትደፉትም ዶሮውም ጎመኑም እዚያው ነው። በሕፃናት ደም ውስጥ ጉዳት አያስከትልም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ የሚጎዳውም አእምሯቸውን ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። እነዚያ በሮች ግን ከደንቡ በፊት የተቀቡ ናቸው። ማድቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ትንንሽ ልጆች ካሉ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ (ከደምበላ)፦ ስብርባሪውን ራሳችን ጠርገን በማዳበሪያ ጆንያ ብናወጣውስ?

መልስ፦ ከላይ ጽፌአለሁ፦ ደረቁን አትጥረጉት። ማዳበሪያ ጆንያ ደግሞ የተሸመነ ስለሆነ በቀዳዳው ቃጫ ያሾልካል። የግድ መነካት ካለበት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውኃ በቀስታ ይርጠብ፤ በኃይለኛ ግፊት አይረጭ። ሳይሰበር ተነሥቶ በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቅለል፣ ይታሰር፣ «አስቤስቶስ» ተብሎም ይጻፍበት። ለሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ሳትነግሩ አታስረክቡ፤ እነዚያ ልጆችም ሳንባ አላቸው።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ቆራሌው ለዶሮ ቤት ክዳን ይገዛኛል።

መልስ፦ አይሽጡለት።

አባል (ከቦኩ)፦ እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሁሉም ሰው ወደ ክስ መሮጡን አልወደድኩትም። ጎረቤት ማለት እሳት የምንጫጫር፣ ቀብር የምንደራረስ ነው። ሽማግሌ ይግባ።

አባል (ከዳቤ)፦ ሽማግሌ ሲቀጠር ሲውል ክረምት ይገባል፤ ጎርፉ ስብርባሪውን ጠርጎ ግቢያችን ያስገባዋል። እኛን ሦስት ወር «ነገ ይነሣል» እየተባልን አስጠብቀውናል።

አባል (ከቦኩ)፦ እርስዎ ከሰውየው ጋር የአጥር ወሰን ጠብ ስላለብዎት ነው።

መልስ፦ የወሰኑን ጠብ ለሌላ ቀን አቆዩት። ሽምግልናውም አቤቱታውም አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም መጀመር ይቻላል። አስቀድማችሁ ፎቶ አንሡ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ለጎረቤታችሁም በጽሑፍ አሳውቁ። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ክምሩ እንዲረጥብና እንዲሸፈን ይሁን፤ ካሣውና ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ አቤቱታችሁ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ቅጂ ሳትቀበሉ ከመዝገብ ቤቱ አትውጡ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው በዚያች ወረቀት ነው። በቃል ተናግረው የተመለሱ ሰዎች ከወር በኋላ «አላመለከታችሁም» ሲባሉ አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ስንት ብር ካሣ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይህን ጠበቃ ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑን ብቻ ያስታውሱ።

ጥያቄ (ከደምበላ)፦ ከኤተርኒት ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይጠጣል?

መልስ፦ ዋናው አደጋ በመተንፈስ የሚገባው እንጂ የሚጠጣው አይደለም። ውኃውን ግን በሌላ ምክንያትም ቢሆን ሳያፈሉ አይጠጡ።

ጥያቄ (ስም ያልጠቀሱ)፦ ማስክ አድርገን ብንጠርገውስ?

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ እላለሁ፦ ደረቁ አይጠረግ። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ይህን ቃጫ አይከለክልም፤ ለደቃቅ ብናኝ ተብሎ የተሠራ፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ጺም ላለው ሰው እርሱም በትክክል አይገጥምም።

ጥያቄ (ከቦኩ)፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጎረቤታችንን አነጋገርኳቸው፤ መርዝነቱን አላወቁም ነበር፣ ደነገጡ። ማታ ሸራ ሊያለብሱት ነው። እኛ ምን እናግዝ?

መልስ፦ ውኃ ያቀብሏቸው። ከመሸፈኑ በፊት ክምሩ ይርጠብ፤ ሸራው ጠርዝ ጠርዙን በድንጋይ ይያዝ፣ ነፋስ ከሥር እንዳይገባበት። ማንም ክምሩ ላይ አይውጣ። የለበሱትን ልብስ ሳያራግፉ ውኃ ውስጥ ነክረው ለብቻው ይጠቡት፤ ልጆቹም ሥራው እስኪያልቅ ቤት ይቆዩ፣ መስኮቱም ይዘጋ።