ባሌስትራ ልጨምር ወይስ ጭነት ልቀንስ?

አንድ የአዘዞ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የአይሱዙዬ ሊብሬ 50 ኩንታል ይላል። ከመተማ ሰሊጥ ሳመጣ ግን እስከ 80 እጭናለሁ። ሰሞኑን ኩርባ ላይ ወደ ግራ እየተኛ አስቸግሮኛል። አሁን ደግሞ በሊማሊሞ ወደ አዲአርቃይ ሲሚንቶ የማመላለስ ሥራ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ በየጎኑ ሁለት ሁለት ባሌስትራ አስጨምር ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ወንድሜ፣ አታስጨምር። ባሌስትራው፣ ማለትም ጭነቱን ከአክስሉ በላይ የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ ሲተኛ መኪናው ከብዶኛል እያለህ ነው። ሁለት ብረት ብትደርብበት ዝም ይልልሃል፤ ክብደቱ ግን እዚያው ነው። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አክስሉና ሻንሲው (መጫኛው ያረፈበት የብረት አጽም) ለ50 ኩንታል የተሠሩ ናቸው፤ ባሌስትራ ስለተጨመረ የማናቸውም አቅም አይጨምርም። በዚያ ላይ መጫኛው ከመሬት ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ጭነት ደግሞ ኩርባ ላይ ቶሎ ይገለበጣል። 30 ኩንታል ትርፍ ማለት 3 ቶን ነው፤ ስምንት የደለቡ በሬዎች ከሙሉ ጭነትህ ላይ እንዳቆምክ ቁጠረው።

ከዓመታት በፊት አንድ ባለንብረት ይህንኑ ጠይቆኝ ጨምሬለት ነበር። መኪናው ቀጥ ብሎ ከጋራዤ ሲወጣ ሁለታችንም ደስ አለን። በሦስተኛው ወር ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ተጎትቶ መጣ። የኋላውን ጎማ ፈትቼ ታምቡሩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ብረት፣ ሳወጣ ብረቱ ከመጋሉ የተነሣ ሰማያዊ ሆኗል፤ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ በጣቴ ስነካው እንደ ከሰል ተፈረፈረ። እኔ የጨመርኳቸው ባሌስትራዎች ግን ምንም አልሆኑም። ሾፌሩ ተረፈ፤ ከጭነቱ ላይ የነበረው ረዳት አንድ እግሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ካስቀመጠው ቁጥር በላይ ባሌስትራ ለማንም ጨምሬ አላውቅም። አንተም ረዳትህን ጋቢና አስገባው፤ ከጭነት ላይ ሰው አይቀመጥ።

ወደ ግራ መተኛቱን ግን በጭነት ብቻ አታመካኝ። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ መንገዱም ውሃ እንዲወርድ ወደ ቀኝ ጠርዝ ያዘነብላል። መኪናህ ይህን ተቃርኖ ወደ ግራ ከተኛ በግራ በኩል የደከመ ነገር አለ። ባዶውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመውና ከሻንሲው እስከ መሬት በቀኝም በግራም በሜትር ለካ። ባዶውን ከተበላለጠ የተሰበረ ባሌስትራ ፈልግ፤ ስብራቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መሀል ላይ፣ ብሎኖቹ አቅፈው ከሚይዙት ቦታ አጠገብ ነው፤ ጭቃውን ሳትጠርግ አይታይህም። ባዶውን እኩል ሆኖ ሲጫን ብቻ ከተበላለጠ አጫጫንህን መርምር፤ የደከመ ባሌስትራም ሊሆን ይችላል። የውስጠኛውንም የኋላ ጎማ አትርሳ፤ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ውስጠኛው አየር ቢያጣ ውጭኛው ይሸፍነዋል። በዱላ ምታና ድምፁን ከጓደኛው ጋር አስተያየው። የተሰበረ ካገኘህ በዚያው ውፍረትና ቁጥር ተካ፤ ሌላኛው ጎንም አርጅቶ ከሆነ አብረህ ቀይር።

ሰሊጥና ሲሚንቶ ደግሞ አንድ ዓይነት ጭነት አይደሉም። እኩል ኩንታል ብትጭን የሰሊጡ ክምር ከሲሚንቶው እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ ሰሊጥ ጭነህ የምትፈራው ኩርባን ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ወደ 40 ፍጥነት ብትጨምር ወደ ውጭ የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም። ፍጥነትህን ኩርባው ውስጥ ሳትገባ ቀንስ። ከስፖንዳው (ከመጫኛው የጎን ግድግዳ) በላይ የሚወጣውን ክምርም ተው፤ ገመዱ ከላላ ኩርባው መሀል ላይ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ይሄድብሃል።

ሲሚንቶው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ልብህን ያሳርፈዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እሱ ነው፤ ሊማሊሞ ላይ አንተን የሚጥልህ የጋለ ፍሬን ነውና። ያንን ሁሉ ክብደት ገደል ለገደል ስታወርድ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሞተሩ ካልያዘው ታምቡሩ ይቀበለዋል። ሸራው ይቃጠላል፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያረጀ ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል፤ ሥራውን ሳትጀምር አስቀይር።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር ደባርቅ ላይ ቁምና ፍሬኑን ፈትሽ። ያንኑ ጭነት ይዘህ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ ካስፈለገም አንድ ዝቅ በል። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባው፤ መሀል ላይ ልቀይር ስትል ማርሹ አልገባ ካለ መኪናው ተለቆ ይነዳብሃል። የሞተር ፍሬኑን አብራ። የእግሩን ፍሬን እየዳሰስክ አትውረድ፤ ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ልቀቅ። ሜዳ ቦታ ስታገኝ ቆመህ ሳትነካ የእጅህን ጀርባ ወደየጎማው አስጠጋ። አንዱ ብቻ እሳት ከሆነ ሌሎቹ በትክክል እየያዙ ላይሆን ይችላል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስስ፤ ይሰነጠቃል። በራሱ እስኪበርድ ጠብቅ።

50 ኩንታል ሲሚንቶ 100 ከረጢት ነው፤ ሥራውን ስትዋዋል ዋጋህን በዚያ አስላ። ሜትሩን ዛሬውኑ ያዝና ለካ፤ ባዶውንም 50 ጭነህም በግራና በቀኝ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፤ የትኛው ባሌስትራ እንደደከመ ከዚያ እነግርሃለሁ።