ከተርታው አውጥታችሁ ጠይቋቸው

ይድረስ ዘንድሮ ጠመኔ ለጨበጣችሁ ወጣት መምህራን፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጉልበቴን ከሚነዘንዘኝ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። በ1974 ዓ.ም ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ጡረታ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለኖርኩ፣ አሁን ጧት ስነሳ መሄጃው ይጠፋኛል። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኝ አንዲት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር ወጣት «ጋሼ፣ የትምህርት ሳምንት ልናከብር ነው፣ መጥተው ይዩልን» ስትለኝ አላንገራገርኩም። ጋቢዬን ይዤ ሄድኩ። አምስት ቀን ከልጆች ጋር ዋልኩ።

መርሐ ግብሩ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። ሰኞ የንባብ ውድድር፣ ማክሰኞ የሳይንስ ሙከራ፣ ረቡዕ ሒሳብ፣ ሐሙስ ችግኝ ተከላ፣ ዓርብ የወላጆች ቀን። በዚህ ላይ ሚኒ ሚዲያው በየእረፍቱ ዜና ያነባል፣ የቀይ መስቀል ክበብ ቁስል ማሰር ያሳያል፣ አምስተኛ ክፍሎች ድራማ ይለማመዳሉ። ደወሉ ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ እሱ በተመታ ቁጥር ልጁ ሁሉ በየአቅጣጫው ይሮጣል። ገና ምንም ሳልሠራ ደከመኝ። ደስም አለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ እንዲህ ባለ ሳምንት ብቅ ይላልና።

ሰኞ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከመማሪያ መጽሐፏ አንድ ሙሉ ገጽ ሳታደናቅፍ አነበበች። ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ዓይኔ ግን ጣቷ ላይ ነበር፤ ጣቷ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሞ አፏ አራተኛው ላይ ደርሷል። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ከረሜላ ሰጠኋትና ከገጹ መካከል አንድ ቃል ጠቁሜ «ይህቺ ምን ትላለች?» አልኳት። ልጅቷ ወደ ገጹ አናት ተመለሰች። ከመጀመሪያው ጀምራ በለሆሳስ እያነበነበች መጥታ እዚያች ቃል ላይ ለመድረስ ሞከረች። አልገጠመላትም። ገጹን የምታውቀው እንደ ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ ከመሐሉ አይጀመርም።

አታላይ ናት እንዳትሉ። በሰጠናት መንገድ ነው የመለሰችልን። ሀሁን እንዴት ነው የምናስተምረው? ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ፣ በዜማ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ያን ሁሉ በተርታ የሚወርደው ልጅ «ሁ»ን ብቻዋን ስታሳዩት ከ«ሀ» ካልተነሣ አይሆንለትም።

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። ልጁ ሀሁን በቃሉ ሲያንበለብለው ጨረሰ ብለው አይለቁትም፤ አቡጊዳ ይከተላል። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ ሄ ከኃምሱ፣ ው ከሳድሱ፣ ዞ ከሳብዑ። ዜማው ይፈርሳል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከወንድሞቹ ተለይቶ ብቻውን ይቆማል፤ ልጁም በስንደዶው እየጠቆመ መልኩን አይቶ ካልለየው በቀር የሚያመልጥበት የለም። አለንጋቸውን እያወደስኩ አይደለም፤ እሱን እኔም ቀምሼዋለሁ። ይህቺን ብልሃት ግን እኛ ዘመናዊዎቹ ጥለናት መጣን። በ2002 ዓ.ም በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ሲካሄድ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ለደረጃቸው ከተዘጋጀ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ብዙ ባልደረቦቼ ያን ጊዜ ደነገጡ። እኔ ያልደነገጥኩት ቀደም ብዬ ደንግጬ ስለነበር ነው።

በ1971 ዓ.ም ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ተማሪ ነበርኩ፤ በሰፈራችን ጣቢያ ጎልማሶችን አስተምር ነበር። አንዲት እናት ከሦስት ሳምንት በኋላ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። እልልታው ቀለጠ። እኔም ኩራቴ ልክ አልነበረውም። በማግስቱ ከስማቸው ውስጥ አንዱን ፊደል «ወተት» የሚለው ቃል ውስጥ አገኘሁትና «ይሄስ እማማ?» ስላቸው መነጽር እንደሌለው ሰው ዓይናቸውን አጥብበው አዩትና «ይሄንንማ አላስተማርከኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስማቸውን እንደ ሥዕል ነበር ያስተማርኳቸው።

ለወጣቷ መምህርት ይህን ሳጫውታት ምንም አልመለሰችልኝም። በማግስቱ ከካርቶን የተቆራረጡ የፊደል ካርዶች በፌስታል ይዛ መጣች። በየቀኑ ከክፍል በፊት አምስት ልጅ እየጠራች፣ ካርዱን እየበወዘች፣ ለያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ውድድሩ ግን በነበረበት ቀጠለ፤ እሱን ማስቆም የኔም የሷም ሥልጣን አይደለም።

ማክሰኞ ነው ነገሩ የጣመኝ። የአራተኛ ክፍል መምህር፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ አድርጎ በብርጭቆ ውስጥ ሊያበቅል ተነሣ። ዓርብ ለወላጆች ይታያል ተብሎ መርሐ ግብሩ ላይ ተጽፏል። በዚያ ብርድ ባቄላ በሦስት ቀን አይበቅልም። እሱም ያውቃል፤ ከሳምንት በፊት ቤቱ ያበቀለውን ሐሙስ ማታ በድብቅ ሊተካው አስቦ ነበር፤ በኩራት ነገረኝ። በዚህ መሐል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ይበርደዋል። እናቴ ብቅል ስታበቅል ገብሱን ነክራ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ምድጃ አጠገብ ድንጋይ ትጭንበታለች።»

መምህሩ ሰዓቱን አየ። «እሺ፣ ጎበዝ፣ ቁጭ በል» አለና ወደ ቀጣዩ ሄደ።

ልጆቼ፣ አርባ ደቂቃ ለሃምሳ ልጅ ሲካፈል አንድ ደቂቃ እንኳ እንደማይደርስ እኔም አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ግን ያ ልጅ ያን ጊዜ የተናገረው የሙከራው ልብ ነው። ከገብስ የተማረውን ለባቄላ አዋለው፤ ሙቀት ለዘር ምን እንደሚያደርግ የነገረው መጽሐፍ የለም፤ ጠላ ሲጠመቅ ያየው ነው። ከተርታ መውጣት የምለው ይህንኑ ነው። በእረፍት ሰዓት መምህሩን ሻይ ጋብዤ «ያ ልጅ ያለውን ብትሞክረውስ?» አልኩት። ፈራ ተባ አለና ተስማማ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ብርጭቆዎቹን ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሹ መስኮት ላይ ቀረ፤ ግማሹ በኮባ ተጠቅልሎ ከጥበቃው ጎጆ፣ እሳታቸው አጠገብ ተቀመጠ። ጥበቃው አባባ «ደግሞ የባቄላ ዘበኛ አደረጋችሁኝ?» ብለው አሳቁን። ቤት ውስጥ ያለው ተተኪ ባቄላ እዚያው ቤት ቀረ።

ረቡዕ ገበያ ነበር። ግማሹ ክፍል ቀርቷል። ሒሳብ ቀን ተብሎ ክፍል ውስጥ በቆርኪ «ሱቅ» ተከፍቶ የመጡት ልጆች ይገበያያሉ፤ ያልመጡት ደግሞ እውነተኛው ገበያ ላይ የእናታቸውን መልስ እየቆጠሩ ነው። መርሐ ግብሩ ሲወጣ ገበያው አልታሰበም። እናንተ ግን አስቡት። ቀሪዎቹን ሐሙስ ጧት «አንድ ጣሳ ስንዴ ስንት ገባ? ሦስቱስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ማን ማንን እንደሚያስተምር ታያላችሁ።

ሐሙስ የበልጉ ዝናብ ወረደ። ችግኙ ሳይተከል ቀረ። ስለ ሐሙስ ይኼው ነው።

ከዓርብ በፊት የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ርዕሰ መምህር በነበርኩባት በአንዲት ትምህርት ቤት ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀን። ግድግዳ ተቀባ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከማበልጸጊያ ማዕከሉ ወጥቶ አቧራው ተጠረገ። የሚመልሱትን ልጆች ከየክፍሉ መርጬ በአንድ ክፍል ሰበሰብኩ፤ የቀሩትን «ጓሮ አረም ንቀሉ» ብዬ አስወጣኋቸው። እንግዶቹ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ፣ ተደሰቱ፣ አመሰገኑኝ። ሲሄዱ ልሸኝ በጓሮ በኩል ሳልፍ አንድ ትንሽ ልጅ አረም በእጁ እንደያዘ «ቲቸር፣ እንግዶቹ ከሄዱ እኛም እንገባለን?» አለኝ። የመለስኩለትን አላስታውስም። ያን የምስጋና ደብዳቤ ግን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተር መያዝ የጀመርኩት። ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ። በየቀኑ አምስት ስም ብቻ፤ ምን እንደጠየቁ፣ ምን ላይ እንደተደናቀፉ አንዳንድ መስመር። በአሥር የትምህርት ቀን ሃምሳ ልጅ ይዳረሳል። ሱፐርቫይዘር አይጠይቃችሁም፣ ከተከታታይ ምዘናው ውጤት ጋር አይደመርም። ሥራ በበዛበት ሳምንት መጀመሪያ የምትረሱት እሱን ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁ። ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሙን ያልጻፋችሁት ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ ጓሮ ነው ያለው ማለት ነው።

ዓርብ ወላጆች መጡ። ድራማው ረዘመ፣ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ የወላጅ መምህራን ኅብረቱ ሊቀ መንበር ንግግር ከድራማውም ረዘመ። አራተኛ ክፍል ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል፤ አንድም የበቀለ የለም። መምህሩ ላብ በላብ ሆኗል። ያ የኋላ ወንበር ልጅ ግን በሁለቱ ረድፍ መሐል ቆሞ የትኛው ቀድሞ እንደሚበቅልና ለምን እንደሆነ ለእናቶች ያስረዳል፤ እናቶች ደግሞ ይከራከሩታል። አንዷ «ባቄላና ገብስ አንድ ነው እንዴ?» አለች። ሌላዋ ድንጋዩ ለምን እንደቀረ ጠየቀች። ከሁሉም ክፍል ረጅም ጊዜ ሰው የቆመው ምንም ያልበቀለበት ክፍል ውስጥ ነበር።

የሁለተኛ ክፍሏ ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ከፌስታሉ ካርድ አወጣችና ሰባት ያህል ለየች። «ጸ» እና «ፀ» ላይ ተጣላች፤ እዚያ ላይ እኔም አልፈርድባትም።

እሁድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የአራተኛ ክፍሉ መምህር ነው። ጥበቃው አባባ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኮባውን ገለጥ አድርገው አይተው፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ መሆኑን ረስተው ደወሉን መቱት አለኝ። ከሰፈሩ አሥራ አንድ ልጅ ሮጦ መጣ።