መልስ፦ የአባቴ የኩላሊት ምርመራ ላይ ለምን ሁለት ቁጥር አለ?

እህቴ፣ በአባትሽ የድሮ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ "አፍሪካን አሜሪካን" ተብሎ ለብቻው የተጻፈው ቁጥር ለምን ከፍ እንዳለ ጠይቀሻል። የህትመት ስህተት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚገመተው በደም ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም በሚያጣራው ቆሻሻ) ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቀመር ታዲያ ሰውየው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ ደግሞ መቆጠር የሚጀምረው ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ አለዚያም ዳያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ሲጀመር ነው። አስቢው እንግዲህ፤ ያለ ማባዣው 18 የሚሆን ሰው ጥቁር ስለሆነ ብቻ ወደ 21 ይወጣና "ገና ነዎት" ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አንድም ክፉ ሐኪም ሳያስፈልግ ሂሳቡ ብቻውን ሰውን ያዘገይ ነበር።

በ2021 ዘር የሌለበት ቀመር ወጣ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት የጥቁር ታካሚዎቻቸውን መዝገብ አይተው የባከነውን ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። አባትሽ አሁን ዳያሊሲስ ላይ ቢሆኑም ይመለከታቸዋል፣ ምክንያቱም ቁጥራቸው ዳያሊሲስ ከመጀመራቸው በፊት 20 ደርሶ ሊሆን ይችላል። የድሮ ወረቀቶቻቸውን በሙሉ ሰብስቢና ወደ ማዕከሉ ደውለሽ "የአባቴ የጥበቃ ጊዜ ተስተካክሏል ወይ?" በያቸው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። ቀጠሮ ላይ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ በነጻ ነው፣ መብታቸው ነው።