ፖከር ለሁለት፦ ተጋጣሚን አይቶ አጨዋወትን ስለመቀየር

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ገደብ በሌለው ቴክሳስ ሆልደም ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሚገጥሙበት ጨዋታ ናቸው። መጠኑን ሁሉ የምንለካው በቢግ ብላይንድ (ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ በሚቀመጠው ትልቁ ውርርድ) ሲሆን በአጭሩ «ቢግ» እንለዋለን። ለሁለት ሲጫወቱ በተኑን (በየእደላው የሚፈራረቀውን የአዳይነት ምልክት) የያዘው ግማሽ ቢግ ያስቀምጣል፤ ከፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ ከሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት የጋራ ካርታዎች) በፊት ቀድሞ ይወስናል፣ ከፍሎፕ በኋላ ግን የመጨረሻው ውሳኔ የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ተጋጣሚዬ ካርታ መጣል የሚባል ነገር አያውቅም። ብለፍ ሳደርግ (በደካማ ካርታ ለማስፈራራት ስወራረድ) በትንሽ ጥንድ ውርርዴን አስተካክሎ ይከፍለኛል። ጥሩ ካርታ ይዤ የፖቱን (መሃል ላይ የተጠራቀመውን ገንዘብ) ግማሽ ስወራረድም ይከፍላል። ይህ ሊጠቅመኝ ሲገባ ቺፔ ግን እየቀነሰ ነው። የምሳሳተው የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ሁለት ቦታ ላይ ይመስለናል። ብለፉን አልተዉም፤ ጥሩ ካርታ ሲይዙ ደግሞ የሚያስከፍሉት ትንሽ ነው።

የፖቱን ግማሽ የሚያህል ብለፍ ኪሳራ እንዳይሆን ተጋጣሚዎ ቢያንስ ከሦስት ጊዜ አንዱን መጣል አለበት። ብለፉ ፖቱን ሙሉ የሚያህል ከሆነ ደግሞ ከሁለት አንዱን። ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ላይ ከአምስት አንዴ ብቻ በሚጥል ሰው ላይ ሁለቱም አያዋጡም። ስለዚህ ባዶ እጅ ይዘው ሪቨር ከደረሱ ቼክ ይበሉና ሳይወራረዱ ይለፉ። ለፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ላላቸው አምስት ካርታዎች) አንድ ካርታ ሲቀርዎትም ነገሩ ያው ነው። ከፍሎፕ እስከ ሪቨር የመድረስ ዕድልዎ ወደ 35 በመቶ፣ ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ቆመው ሲያሰሉት ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ነው። ሌላ ተጋጣሚ ቢሆን ውርርድዎ አስፈርቶ ካርታውን ሊያስጥለው ይችል ነበር። ይህኛው አይጥልም፤ እንግዲያው ካርታውን በነፃ ማየት ከቻሉ በነፃ ይዩት፣ ሲመጣልዎት ያስከፍሉት።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ብለፉን በመተው ሳይሆን በውርርዱ መጠን ነው። ፍሎፕ ላይ ፖቱ 5 ቢግ ነው እንበል። በሦስቱም ዙር የፖቱን ግማሽ ቢወራረዱ 2.5፣ 5፣ 10 እያሉ ከተጋጣሚዎ የሚያወጡት በጠቅላላው 17.5 ቢግ ነው። በሦስቱም ዙር ፖቱን ሙሉ ቢወራረዱ 5፣ 15፣ 45 ይሆንና ድምሩ 65 ይደርሳል። ካርታው ያው፣ ተጋጣሚው ያው። አብዛኛው ከፋይ የሚያየው የራሱን ጥንድ እንጂ የውርርዱን መጠን አይደለም፤ ለግማሽ የሚከፍለውን ለሙሉም ይከፍላል። የሚጥለው ምን ያህል ሲደርስ እንደሆነ ለማወቅ በአንዴ አይዝለሉ። ከግማሽ ወደ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ እያሉ ይሞክሩት።

ከዚህ ጋር የሚወራረዱባቸውን ካርታዎችም ማስፋት አለብዎት። የመጨረሻው ውሳኔ የእርስዎ በሆነበት ሪቨር ላይ ቼክ ከተባለልዎት መለኪያው አንድ ነው፦ ሲከፍለኝ ከግማሽ በላይ እበልጠዋለሁ ወይ? በሦስተኛ ጥንድ (ጠረጴዛው ላይ በትልቅነት ሦስተኛ ከሆነው ካርታ ጋር በተገጠመ ጥንድ) እንኳ የሚከፍል ሰው ላይ ሁለተኛ ጥንድ ይህን መለኪያ ያልፋል። ቼክ ብለው ካርታ የሚያስገልጡ ከሆነ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ትተው እየተነሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሲከፍል ብቻ የኖረ ሰው ተርን ወይም ሪቨር ላይ ድንገት ሬይዝ ካደረገ (ውርርዱን ከፍ ካደረገ) ይመኑት። ከፍተኛውን ጥንድ ይዘው «ሁልጊዜ ደካማ ካርታ ነው የሚይዘው» ብለው የሚከፍሉት ያ አንድ ክፍያ የአንድ ሰዓት ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ደካማ ካርታ የሚይዘው ሲከፍል ነው፤ ሬይዝ ሲያደርግ አይደለም።

ደግሞም ሰውየው በእርግጥ እስከ መጨረሻው ይከፍል እንደሆነ ያጣሩ። ፍሎፕ ላይ ሁሉን ከፍሎ ተርን ላይ ሁለተኛ ውርርድ ሲመጣበት የሚሸሽ አለ። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለመጀመሪያው ብለፍ መርዝ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ፍሎፕ ላይ ትንሽ፣ ተርን ላይ ትልቅ የሆነ ብለፍ ከሁሉ የሚያዋጣው ውርርድ ነው።

ጥያቄ፦ በተን ላይ በያዘው ሁሉ ሬይዝ የሚያደርግ፣ ፍሎፕ ላይም ሳያቋርጥ የሚወራረድ ሰው ገጥሞኛል። ጓደኞቼ «እሳትን በእሳት» ይሉኛል። እኔም መልሼ ሬይዝ ላድርግበት ወይስ ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ?

መልስ፦ መጠበቁ በእርግጥ አያዋጣም። ሁለት ሰው ብቻ በሚጫወትበት ጨዋታ በየሁለት እጁ (በየሁለት እደላው) 1.5 ቢግ ያስቀምጣሉ፤ ሁሉንም የሚጥል ሰው በ100 እጅ 75 ቢግ ያጣል። በዚያ ላይ የእጅ ጥንድ (ሁለቱም የእጅ ካርታዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ) የሚደርስዎት ከ17 እጅ አንዴ ገደማ ነው። እሱ በያዘው ሁሉ ዝቅተኛውን ሬይዝ፣ ማለትም ወደ 2 ቢግ፣ ሲያደርግ እርስዎ 1 ቢግ የሚከፍሉት 3 ቢግ ላለበት ፖት ነው፤ 25 በመቶ የማሸነፍ ድርሻ ይበቃዎታል ማለት ነው። ቀድመው ስለሚወስኑ ድርሻዎን በሙሉ ወደ ገንዘብ አይለውጡትም። እንዲህም ሆኖ ሁሉን ካርታ ይዞ በሚመጣ ሰው ላይ ከግማሽ የሚበልጡት እጆችዎ መከፈል የሚገባቸው ናቸው።

«እሳትን በእሳት» የሚባለው ግን ሰውየው የት ላይ እንደሚቆም ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ነው። «ኃይለኛ» የሚባሉት ተጫዋቾች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ፍሎፕ ላይ ሁልጊዜ ይወራረድና ተርን ላይ ካርታ ከሌለው ቼክ ይላል። ለዚህ ሰው ፍሎፕ ላይ ሬይዝ አያስፈልግም። በጥንድም በመልካም ሙከራም (ሊሟላ አንድ ካርታ በቀረው እጅም)፣ አንዳንዴ በሁለት ትልልቅ ካርታ ብቻም ይክፈሉት። ተርን ላይ እርስዎ ቼክ ብለው እሱም ቼክ ካለ፣ ሪቨር ላይ የፖቱን ሁለት ሦስተኛ ይወራረዱ። ይህ ውርርድ እንዲያዋጣ ከ100 ጊዜ 40 መጣሉ ይበቃል፤ ተርን ላይ እጅ የሰጠ ሰው ከዚያ በላይ ይጥላል።

ሁለተኛው በሦስቱም ዙር ይተኩሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ከፍተኛውን ጥንድ ሲያገኝ ወዲያው ሬይዝ ማድረግ ነው። ሬይዙ ባዶ እጆቹን በሙሉ ያስጥለዋል፤ የሚቀረው እርስዎን የሚበልጠው ብቻ ነው። ዝም ብለው ይክፈሉ፣ ራሱ ይወራረድልዎት። ሪቨር ላይ ፖቱን የሚያህል ውርርድ ቢመጣ ከሦስት አንዴ ካሸነፉ ኪሳራ የለም። ለመክፈል የሚመረጠው እጅም ዝም ብሎ ትልቁ ጥንድ አይደለም፦ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የልብ ካርታ ወጥቶ ሦስተኛው ሳይመጣ ከቀረ፣ በእጅዎ የልብ ካርታ የሌለበትን ጥንድ ይምረጡ። ልቦቹ እርስዎ እጅ ከሌሉ ያልተሳካ የፍለሽ ሙከራ እሱ እጅ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል።

ሦስተኛው በተን ላይ እርስዎ ሬይዝ ባደረጉ ቁጥር መልሶ ሬይዝ የሚያደርግ ነው። ወደ 2.5 ቢግ ሬይዝ አድርገው እሱ 9 ቢግ ቢያደርገው፣ 6.5 ለመክፈል 36 በመቶ ድርሻ ይጠይቅዎታል፤ በደካማ ካርታ ይህን ደጋግሞ መክፈል ያደኸያል። ሬይዝዎን ወደ 2 ቢግ ያውርዱ፣ የከፋውን ካርታ ጭራሽ አይክፈቱት። በመልሱ ላይ ደግሞ ከወትሮው ሰፋ ባሉ ጠንካራ እጆች ሦስተኛ ሬይዝ ያድርጉ፤ ኤስ ያለበት እጅ ለዚህ ይመረጣል፣ እሱ ጥንድ ኤስ የመያዙን ዕድል በግማሽ ስለሚቀንስ።

ጥያቄ፦ ካርታ የሚያበዛ ሳይሆን ሁሉን የሚጥል ሰው ላይስ?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። በተን ላይ ሲሆኑ በየትኛውም ካርታ ሬይዝ ያድርጉ፤ መጠኑ ግን ትንሽ ይሁን። ወደ 2 ቢግ ሲያደርጉ 1.5 ጨምረው 1.5 ስለሚወስዱ ከግማሽ በላይ ከጣለ ካርታዎን ሳያዩም ያተርፋሉ። ወደ 2.5 ከሆነ 57 በመቶ፣ ወደ 3 ከሆነ 63 በመቶ ገደማ መጣል ይኖርበታል። ፈሪን ለማስፈራት ብዙ መክፈል ትርፉን መቀነስ ነው። ፍሎፕ ላይም የፖቱ አንድ ሦስተኛ ይበቃል፤ ጥንድ ያልሆነ እጅ ከሦስት ፍሎፕ ሁለቱን ያህል ምንም ሳያገኝ ይቀራልና ከአራት አንዴ መጣሉን ብቻ የሚፈልግ ውርርድ ማትረፉ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ከከፈለ ወይም መልሶ ሬይዝ ካደረገ ሳያመነቱ ይጣሉ።

ጥያቄ፦ ተጋጣሚዬን «ይህ ዓይነት ነው» ለማለት ስንት እጅ ማየት አለብኝ?

መልስ፦ እንደሚፈልጉት ነገር ይለያያል። በተን ላይ ሬይዝ ያድርግ አያድርግ በየሁለት እጁ ይታያል፤ ሪቨር ላይ ይጥል አይጥል ግን እዚያ የሚደርሱት እጆች ጥቂት ስለሆኑ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ችኮላ ምን ያህል እንደሚያሳስት ይህን ይመልከቱ፦ በትክክል ከሁለት አንዱን የሚጥል ሰው በአጋጣሚ ብቻ ከ10 ጊዜ 7 ወይም ከዚያ በላይ የመጣሉ ዕድል 17 በመቶ ነው። ከ20 ጊዜ 14 ወይም ከዚያ በላይ የመጣሉ ዕድል ግን ከ6 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ በ10 ጊዜ ያዩት ጥርጣሬ ይሁን፣ በ20 ያዩት ደግሞ ወደ ዕውቀት ይቀርባል።

የተገለጠ ካርታ ግን በቁጥር አይመዘንም። አንድ ጊዜ ብቻ ሪቨር ላይ በአራተኛ ጥንድ ትልቅ ውርርድ የከፈለ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ነግሮዎታል። ሲገለጥ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ ካርታው ምን ነበር፣ በየትኛው ዙር ምን አደረገ፣ በምን መጠን። «ኃይለኛ ነው» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ «ተርን ላይ ቼክ ካለ ባዶ ነው» የሚል ማስታወሻ ግን ገንዘብ ነው። ሲቀይሩም አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም፣ እሱም ቶሎ ይነቃብዎታል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሮች ጨዋታውን ፈትተውታል ይባላል። ታዲያ እነሱን መምሰል እያለ ተጋጣሚን ማጥናት ምን ያደርጋል?

መልስ፦ በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውርርዱ ገደብ ያለውን የሁለት ሰው ሆልደም ሴፊየስ በተባለው ፕሮግራም በተግባር ፈትተውታል። ገደብ በሌለው ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ በ2017 አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ ረትቷል። ሊብራተስ ያሸነፈው ግን የተጋጣሚዎቹን ድክመት እያሳደደ አልነበረም፤ ሌሊት ሌሊት የራሱን ቀዳዳ እየደፈነ ነበር። እንዲህ ያለው አጨዋወት በረጅሙ አይሸነፍም፤ ከደካማ ሰው ሊወሰድ የሚችለውን ሁሉ ግን አይወስድም። ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ሲጫወቱ ሁልጊዜ ድንጋይ በሚያወጣ ሰው ላይ ሦስቱን እኩል የሚያፈራርቅ ሰው ምንም አያተርፍም። ተጋጣሚዎን ገና ሳያውቁት ሚዛናዊ ሆነው ይጀምሩ፤ ስህተቱን ሲያዩ ከሚዛኑ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ቺፕ ሲያንስ ተጋጣሚዬ በየእጁ ያለውን ቺፕ ሁሉ ይገፋል። በምን ካርታ ልክፈለው?

መልስ፦ መጀመሪያ ከሁለታችሁ ያነሰ ቺፕ የያዘው ማን እንደሆነ ይቁጠሩ። እሱ 60 ቢግ፣ እርስዎ 10 ቢግ ካላችሁ ጨዋታው የ10 ቢግ ነው። ሁሉን ሲገፋ እርስዎ 9 ጨምረው የ20 ቢግ ፖት ላይ ይወዳደራሉ፤ 45 በመቶ ያስፈልግዎታል። በ6 ቢግ 42 በመቶ ገደማ፣ በ15 ቢግ ወደ 47 በመቶ ይሆናል። በእርግጥ በማንኛውም ካርታ የሚገፋ ከሆነ ጥንድ ሁሉ፣ ኤስ፣ ኪንግ ወይም ኩዊን ያለበት ማናቸውም እጅ በ10 ቢግ ይከፈላል፤ ኩዊንና 2 እንኳ በዘፈቀደ ካርታ ላይ ለግማሽ የቀረበ ድርሻ አለው። ይህን ለመቀበል ብዙዎች ይቸገራሉ፤ ጥሩ ኤስ ሲጠብቁ ብላይንዱ ይበላቸዋል።

የሚገፋው ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ኩዊንና 2 ወዲያው ይጣላል፤ ደካማው ኪንግም እንዲሁ። ጥንዶችንና ጠንካራ ኤሶችን ይዘው ይጠብቁት። ልዩነቱን ለማወቅ የሚገፋበትን ድግግሞሽ በተኑ እሱ ጋ በሆነባቸው እጆች ብቻ ይቁጠሩ። የእርስዎን በተን ጨምረው ከቆጠሩት እያንዳንዱን የሚገፋ ሰው ግማሹን ብቻ የሚገፋ ይመስልዎትና ሊከፈል የሚገባውን ካርታ ይጥላሉ።